ያልፈረምኩላት ጄት

ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ወቅት ስለ እኔ ሁለት ወሬ ይወራ ነበር። አንደኛው «አውሮፕላን ሰብራ ተባረረች» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ድሮም አውሮፕላን ነክታ አታውቅም፤ ወለል ስትወለውል ነው የኖረችው» ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው። የመጀመሪያውን ያወራ የነበረው ሰው ዛሬም አለ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እለዋለሁ። እውነቱን ግን እኔው ራሴ ብናገር ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የተወለድኩት ጋዝጊብላ ነው። አባቴ ገብስና ባቄላ ያርሳል፤ ሰው የሚያውቀው ግን በንቦቹ ነበር። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በኽምጣና ስለሆነ አማርኛን በደንብ የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ከፍ ያለው ክፍል የሚገኘው ሰቆጣ ብቻ ስለነበር ከሁለት የአካባቢዬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ከተማ ተቀመጥን። ቅዳሜ በእግራችን ወደየቤታችን ሄደን፣ እሁድ ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። ያ መንገድ እግሬን ብቻ ሳይሆን አንገቴንም ያጠነከረው ይመስለኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት መጣ። የፊዚክስ አስተማሪያችን፣ አዲስ አበባ ያለ የአውሮፕላን ጥገና ማሠልጠኛ ሴቶችንም እንደሚፈትን በሬዲዮ ሰምቶ ነገረን። የአባቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ፣ ደሃና ውስጥ ከብት የሞላው አንድ ሰው ለልጁ እንደጠየቀኝ ሊነግረን መጣ።

«ሽማግሌዎቹ እሁድ ይመጣሉ» አለ አጎቴ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«እኔ አላገባም። አዲስ አበባ ሄጄ ልፈተን ነው» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም ስላልጠየቀኝ ነው የምናገረው።»

አጎቴ ወደ አባቴ ዞረ። እንዲቆጣኝ መጠበቁ ነው። አባቴ ግን «እሷ እንዳለችው ነው» አለ። አጎቴ የቀረበለትን ሳይቀምስ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ደጃችንን አልረገጠም።

አባቴ እስከ ሰቆጣ ሸኘኝ። የወልድያው አውቶቡስ እስኪሞላ ጥግ ይዘን ቆመን ሳለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«አውሮፕላን መጠገን ምን ማለት ነው?»

«ሳይወድቅ በፊት ሕመሙን ማወቅ ነው አሉን፣ አባባ።»

«እንዴት ይታወቃል?»

«እሱን ልማር ነው የምሄደው።»

«በይ ተምረሽ ንገሪኝ» አለና ትከሻዬን በእጁ ጫን አድርጎ ሄደ።

ፈተናውን አለፍኩ። ክፍላችን ውስጥ ሴቶች ሦስት ነበርን። አማርኛዬን ሲሰሙ የሚስቁ ነበሩ፤ በተለይ አንደኛው፣ እኔ መልስ በመለስኩ ቁጥር አነጋገሬን እያስመሰለ ክፍሉን ያስቅ ነበር። የሞተር ፈተና ውጤት ሲለጠፍ የእኔ ስም ከላይ ሁለተኛ ላይ ነበር፤ የእሱን ለማግኘት ጣቴን ብዙ ወደታች ማውረድ ነበረብኝ። አጠገቤ ቆሞ ስለነበር «እስቲ ይሄንንም አስመስለው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልሳቀብኝም።

ስመረቅ፣ ያኔ አዲስ የተቋቋመ አንድ አነስተኛ የግል አየር መንገድ ቀጠረኝ። ዛሬ ድርጅቱ የለም፤ ስሙንም አልጠራም። በተቀጠርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው እሷ የመጣችው።

አምሳ ሰው የምትጭን ጄት ነበረች። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ሁለቱም ሞተሮቿ ጭራዋ አጠገብ የተለጠፉ። አዲስ አልነበረችም። ከእኛ በፊት ሁለት ባለቤቶች ነበሯት፤ ሁለቱም በረዶ የሚወርድበት አገር ነው ያበረሯት። ከእሷ ጋር በካርቶን በካርቶን የታሸገ መዝገብ መጣ። ሰዎቹ ሁሉ ወንበሯንና ቀለሟን ሊያዩ ሲሮጡ፣ የጥገና ኃላፊያችን ካርቶኖቹ ጋ ጠራኝ። ዕድሜውን በሙሉ በአውሮፕላን ሥር ያሳለፈ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር።

«መጀመሪያ አንብቢያት» አለኝ። «ሳታነቢ እንዳትነኪያት።»

ሁለት ወር አነበብኳት። የአንድ አውሮፕላን መዝገብ ደረቅ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። መቼ እንደተሠራች፣ የትኛው ብሎኗ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው በሯ በብርድ አልዘጋ እያለ ሰው እንዳሰቃየ፣ በየትኛው ክረምት ወፍ ግራ ሞተሯ ውስጥ እንደገባ ሁሉም ተጽፏል። ከሁሉም አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ግን አንድ ገጽ ነው። በረዶ በጋገረው ሜዳ ላይ ጎማዎቿን በሚሸከመው በግራ እግሯ በኃይል ወርዳ መሬት የመታችበት ቀን ነበር። በጊዜው መርምረዋታል፤ ምንም አላገኙም፤ ፈርመው ለቀዋታል። እኔ ግን ያን ገጽ ካነበብኩ በኋላ ከሥሯ በገባሁ ቁጥር እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግራ እግሯ ሆነ።

ከዚያ የሥራ ዓመታት መጡ። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ መቀሌ ትመላለሳለች። አንዳንድ ቀን አራት ጊዜ ተነሥታ አራት ጊዜ ታርፋለች። ጎማዋን እንቀይራለን፣ ፍሬኗን እንለካለን፣ ሞተሯ ውስጥ በመብራት እናያለን። በሦስተኛው ዓመት ላይ «ለበረራ ብቁ ናት» ብዬ የምፈርምበት ፈቃድ ተሰጠኝ። ፊርማዬን ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቧ ላይ ሳኖር እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ኃላፊዬ አይቶ «ጥሩ ነው፤ መንቀጥቀጡን የተወ እጅ ነው የሚያስፈራኝ» አለኝ።

ወደ መቀሌ ስትሄድ በእኛ አገር ሰማይ ላይ ነው የምታልፈው። ለእረፍት ጋዝጊብላ በሄድኩ ጊዜ፣ አባቴ ቀፎዎቹን ሲያይ አብሬው ነበርኩ። ድምፅዋ ከሩቅ ተሰማ። አባቴ ቀና አለና አንዱን ትልቅ ድንጋይ ተመለከተ።

«ዛሬ ዘገየች» አለ።

«በምን አወቁ?»

«ትናንት ስታልፍ የዛፉ ጥላ ድንጋዩ ጋ አልደረሰም ነበር። ደግሞም ሌሎቹ ድምፃቸው ሌላ ነው።»

እኔ ሳልነግረው በድምፅ ለይቷት ነበር። በየቀኑ ለጎረቤቶቹ «የልጄ አውሮፕላን አለፈች» እንደሚልና እነሱም እንደሚስቁበት እናቴ ነገረችኝ። ሲስቁ ግን አይተውም፤ በማግስቱ ደግሞ ይናገራል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ለገና ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ወደ ላሊበላ የሚሄደው ሰው ለጉድ ነው። ኃላፊዬ ታሞ ቤቱ ተኝቷል፤ እሱን ተክቶ የሚሠራው ምክትሉ ነው። ማለዳ፣ ጄቷ ከመነሣቷ በፊት አንዱ የግራ ጎማ ስላለቀ ስንቀይር፣ ጎማዎቹን በሚሸከመው እግር ላይኛው መጋጠሚያ ላይ አንዲት ቀጭን ጸጉር የመሰለች ነገር አየሁ። በጨርቅ ጠረግኳት፤ አልጠፋችም። ቀለሙን አስለቅቄ ብረቱን ራቁቱን አደረግኩት። ከዚያ ቀዩን መመርመሪያ ፈሳሽ ቀባሁትና ጠብቄ በደንብ ጠረግኩት፤ ከላዩ ነጩን ዱቄት ነፋሁበት። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁ ውስጥ የተደበቀው ቀይ ተመልሶ ወደ ነጩ ይወጣል።

ተንበርክኬ ጠበቅኩ። የጥፍሬን ርዝመት የማትሞላ ቀይ መስመር ወጣች።

ምክትሉን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየና «የቀለም ጭረት ነው» አለ።

«ቀለሙን እኮ አስለቅቄዋለሁ።»

«እንግዲያው የብረት ጭረት ነው። ለዛሬ ምንም አይላትም።»

መዝገቡን ከፍቼ ያየሁትን ጻፍኩ፤ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ በምን እንደተመረመረ። ከታች ያለውን የመልቀቂያ ቦታ ባዶውን ተውኩት። ምክትሉ ስልክ ደወለ። ጥቂት ቆይቶ ሥራ አስኪያጁ ራሱ በሙሉ ልብስ አውሮፕላን ወደሚጠገንበት ሃንጋር መጣ።

«ስንት ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አርባ ስምንት። ለእነሱ ብዬ ነው የማልፈርመው።»

«ከበዓሉ በኋላ ይታያል። አሁን ፈርሚና ትሂድ።»

«ያየሁትን ጽፌያለሁ። ያላየሁትን ጤና አልጽፍም።»

ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያየናል። ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሰቆጣ ሰው ግትር ነው ሲሉ እሰማ ነበር።»

«ከሰሙ ታዲያ ለምን ይደክማሉ?» አልኩት።

ይህን የተናገርኩት ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ግን አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለሻ አልነበረውም፤ መመለስም አልፈለግኩም። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ለምክትሉ ሰጠው። ምክትሉ እኔን ሳያይ ፈረመ።

የፈረመው ከፈረመ በኋላ ሥራዬ አልቋል ማለት እችል ነበር። ብዙ ሰው እንዲያ ብዬ ብተወው ኖሮ አይፈርድብኝም ነበር። ነገር ግን መኪናው ጄቷን ጎትቶ ከሃንጋር ሲያወጣት እግሬ ተከትሏት ሄደ። ካፒቴኑ እንደ ልማዱ ዙሪያዋን እየዞረ ይመለከታታል። አምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሰላምታው እንኳ በልክ የሆነ ሰው ነው።

«ካፒቴን፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አልኩት። «ከመግባትዎ በፊት።»

ባትሪዬን አብርቼ ከግራ እግሯ ሥር አስገባሁት። ዱቄቱን አልጠረጉትም ነበር። ቀይዋ መስመር እዚያው ናት። ረጅም ጊዜ አያት።

«ማን ፈረመ?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ይሄ ስንት ጊዜ ማረፍ ይችላል?»

«አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም የለም።»

ቀና አለ። ደረጃውን ወጥቶ ሄደ፤ ሊያበርራት ነው ብዬ አሰብኩ። ተመልሶ ሲወርድ ግን ቦርሳውን ይዞ ነበር። ክንፏ ጥላ ውስጥ ቦርሳውን አስቀምጦ ቆመና፣ ሊያናግረው እየሮጠ ለመጣው ሠራተኛ «እኔ ዛሬ በዚህች አልበርም» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

መንገደኞቹ ቀሩ። ለሁሉም በሌላ አውሮፕላን ቦታ ሊገኝላቸው አልቻለም። በነጭ ነጠላ የተሸፋፈኑ አንዲት አሮጊት እኔ መሆኔን ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ የመንገደኞቹ አዳራሽ ውስጥ ክንዴን ያዙኝ።

«ስለት ነበረብኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩትን ቀን አስቀረሽብኝ።»

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ስለ ስንጥቁ ላስረዳቸው ብል ምን ብዬ? ከሥራ አስኪያጁ ቁጣ ይልቅ የእሳቸው እንባ ነው ለብዙ ጊዜ አብሮኝ የኖረው።

በሳምንቱ ደብዳቤ ተሰጠኝ። «የድርጅቱን መልካም ስም በመጉዳት» ይላል። ካፒቴኑን ስለሚፈልጉት በማስጠንቀቂያ አለፉት። እኔ ግን በቀላሉ የምተካ መሰልኳቸው።

ቱታዬንና የራሴን ቁልፎች በሻንጣ ይዤ በወልድያ በኩል ሰቆጣ ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ጋዝጊብላ ስደርስ ደግሞ ያ ስንት ዓመት ያኮረፈን አጎቴ ቤታችን ተቀምጦ አገኘሁት። እኔን ለማጽናናት አልመጣም።

«ያኔ ሰምተሽኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የአራት ልጆች እናት ነበርሽ» አለኝ።

«ያኔ ሰምቼዎት ቢሆን ኖሮ አርባ ስምንት ሰው በተሰነጠቀ አውሮፕላን ይሳፈር ነበር» አልኩት።

አባቴ እስኪሄድ ጠብቆ ነው የጠየቀኝ።

«ስንጥቁን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«በዓይንሽ?»

«በዓይኔም በእጄም።»

«እንግዲያው ምን አንገት ያስደፋሻል? ከተማ ግቢና ሥሪ። እዚህ ከተደበቅሽ ጥፋተኛ ነሽ ይላሉ።»

እሱ እንዳለው ሰቆጣ ቤት ተከራየሁ። በገበያ ቀን ሆን ብዬ ሰማያዊ ቱታዬን ለብሼ በመካከላቸው አልፋለሁ። ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ፤ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ የአንዲት እስላም ነጋዴ ወፍጮ ቆሞ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሱቁንም ወፍጮውንም ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። መካኒክ የሚመጣው ከወልድያ ነው፤ ሰው ደግሞ እህሉን በአህያ ጭኖ ደጁ ላይ ተኮልኩሏል።

«እትዬ፣ ልየው?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ሞተሩን።»

አህያ ይዘው የቆሙት ወንዶች ሳቁ። አንደኛው «እትዬ፣ እንዳትሰብረው! አውሮፕላንም አልቀራትም» አለ። እሳቸው ግን ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና በሩን ከፈቱልኝ።

አስቸጋሪ አልነበረም። የናፍጣው ማጣሪያ በቆሻሻ ተደፍኖ፣ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል። ማጣሪያውን አጥቤ፣ የቱቦውን ማሠሪያ ላላ አድርጌ፣ አረፋው እስኪያልቅና ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ በእጄ ገፋሁት። ሲነሣ ቤቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጣሪያው ላይ የነበረ ዱቄት በላዬ ላይ ወረደ። ነጭ ሆኜ ስወጣ የሳቁት አፍጥጠው ያዩኛል። ሴትዮዋ ወደ እነሱ ዞረው «ምን ታያላችሁ? ሰልፋችሁን ያዙ!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ አልጠፋብኝም። ደሃና ድረስ ቁልፎቼን በአህያ አስጭኜ፣ በእግሬ ሄጄ የወፍጮ ሞተርና የውሃ ፓምፕ ጠግኛለሁ። አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ባልሽን ላኪው ይለኛል። «ባል የለኝም፤ እኔ ካልሆንኩ ወልድያ ላኩ» እላለሁ። ብዙዎቹ ወልድያ አልላኩም።

ከዓመት በላይ በሰማያችን ላይ አላለፈችም። እንደቆመች ገባኝ። እውነት ለመናገር ደስ አላለኝም፤ ናፈቀችኝ። አንድ ጠዋት ውሃ ፓምፕ ላይ ተደፍቼ ሳለሁ ድምፅዋን ሰማሁ። ሌላ አውሮፕላን ሊሆን አይችልም። እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ቀና ብዬ እስክትጠፋ አየኋት። እግሯን ቀይረውላታል ማለት ነው። ካልተሰነጠቀ ደግሞ አይቀየርም።

ወር ሳይሞላ የቴሌ መልእክተኛ የስልክ ጥሪ ወረቀት አመጣልኝ። በተባለው ሰዓት ቴሌ ሄጄ ስጠብቅ መስመሩ ላይ የመጣው የድሮው ኃላፊዬ ነው።

«ስንጥቁ ነበር» አለኝ ገና ሰላም ሳንባባል። «እግሩን የሠሩት ሰዎች ቆርጠው መረመሩት። የብረቱን ግማሽ ያህል ሄዷል።»

የቆምኩበት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ግድግዳውን ደገፍ አልኩ።

«ትሰሚኛለሽ? ተመለሺ ብለዋል።»

«ያባረሩኝ በጽሑፍ ነው። የሚመልሱኝም በጽሑፍ ይሁን።»

ሲስቅ ሰማሁት። በሥራ ዘመናችን ሁሉ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ደብዳቤው መጣ። «ባለው የሰው ኃይል እጥረት ምክንያት ድርጅቱ በድጋሚ ሊቀጥርዎት ፈቃደኛ ነው» ይላል። አጣጥፌ መለስኩት። ከጀርባው ላይ «እኔ የተባረርኩት በሰው ኃይል ብዛት አልነበረም» ብዬ ጻፍኩበት። ያወቁ ሁሉ አበድሽ አሉኝ። እናቴ እንኳ «ተይ፣ ልጄ፣ ቂም አይጠቅምም» አለችኝ። ቂም አልነበረም። ያ የመጀመሪያው ደብዳቤ ፋይሌ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ነገ ሌላዋ ልጅ ስንጥቅ አይታ ልትናገር ስትል እኔን እያሳዩ ዝም ያሰኟታል። እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ሁለት ወር ቆይቶ ደረሰ። አጭር ነው። ስንጥቁ በምርመራ መረጋገጡን፣ መዝገቡ ላይ ያሰፈርኩት ትክክል እንደነበር፣ ስንብቴም በስህተት እንደነበር ይገልጻል። የፈረመው ያው ሥራ አስኪያጅ ነው። ለአባቴ አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ አስነበበኝና «አሁን ሂጂ» አለኝ።

በተመለስኩ በዓመቱ አባቴን ከላሊበላ አዲስ አበባ በእሷው ወሰድኩት። ፍተሻው ላይ ዱላውን ካላስረከቡ አይገቡም አሉት። «ከእናንተ ውስጥ ያለ ዱላ ገደል የሚወርድ ማን ነው?» ብሎ ተከራከራቸው፤ በኋላ አስተናጋጇ ራሷ ይዛ እንድትጠብቅለት ተስማሙ። ከተነሣን በኋላ በመስኮቱ ወደታች አየ፤ ከዚያ ዞሮ ወንበሮቹ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አየ።

«ከታች ሆኜ ሳያት ምንም የማይከብዳት ነበር የሚመስለኝ» አለኝ በመጨረሻ። «ለካ ይህን ሁሉ ሰው ተሸክማ ነው የምታልፈው።»

ምክትሉ እኔ ከተመለስኩ በኋላም አብሮን ይሠራ ነበር። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ጠይቀኝ አላልኩትም። ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር ሳይጎነበስና ሳይነካ አልፈረመም። እኔ ለዚያ ምስክር ነኝ።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት በረረች። ነዳጇ እየተወደደ፣ መለዋወጫዋ እየጠፋ፣ ድርጅቱም እየደከመ ሄደ። በመጨረሻ ለሌላ አገር ኩባንያ ተሸጠች። ለማስረከብ ካፒቴን፣ ረዳቱና አንድ ቴክኒሺያን አብረዋት እንዲሄዱ ተወሰነ። ኃላፊዬ ጡረታ ወጥቶ ስለነበር ታሪኳን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የሰው ወንበር ሁሉ ባዶ ሆኖ፣ የመዝገብ ካርቶኖቿ በቀበቶ ታስረው፣ እኔ ከፊት ተቀምጬ ሄድን።

ያረፍንበት ሜዳ በአሸዋ የተከበበ ነው፤ በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊት ይጋረፋል። ሊረከባት የመጣው ሰውዬ፣ ወረቀቶች ይዞ ደረጃው ሥር ቆሟል። እኔ ካርቶኑን አቅፌ ስወርድ አስተናጋጅ መስዬው በአጠገቤ አልፎ ካፒቴኑን በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

«ቴክኒሺያኑ የት አለ? የግራ እግሯን ታሪክ ማየት እፈልጋለሁ።»

ካፒቴኑ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት በእጄ ምልክት አስቆምኩት።

«ጥያቄውን ለእኔ ይንገሩኝ» አልኩት ሰውዬውን። «ቴክኒሺያኗ እኔ ነኝ።»

አየኝ፤ ካፒቴኑን አየ፤ እንደገና እኔን አየ። ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። ፀሐዩ አናቴን ይበሳል፤ እኔ ግን ቸኩዬ አልነበረም። በመጨረሻ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠርጎ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ እኔ ዞሮ ደገመው። ያኔ መዝገቡን ከፈትኩለት። ከክንፏ ሥር ተቀምጠን እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ገጽ በገጽ አስረከብኩት፤ የበረዶውን ቀን፣ ቀይዋን መስመር፣ አዲሱን እግር፣ ሁሉንም። አንድ ገጽ ሊዘል ሲል «እሱንም ያንብቡት» አልኩት፤ አነበበው። ሲጨርስ ፊርማውን አኖረ፤ እኔም ከሥሩ የእኔን አኖርኩ። ከዚያ ቁልፎቼን ሰብስቤ፣ በማግስቱ በመንገደኛ አውሮፕላን ወደ አገሬ ተመለስኩ።